ዐይን ሲሠራ ጆሮ እንዳይሰንፍ፦ በታዋቂ ሥዕሎች ቪዲዮ እንግሊዝኛ ማዳመጥን መለማመድ

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ስጽፍም ብዙ አልቸገርም፤ ሲነገር ግን ይጠፋብኛል። ሥዕል ስለምወድ ላለፉት ሰባት ወራት ማታ ማታ ስለ ታዋቂ ሥዕሎች የሚተርኩ ቪዲዮዎችን ስከታተል ቆይቻለሁ። ሰብታይትሉ ሲኖር ሁሉም ይገባኛል። ሳጠፋው ከሥዕሉና ከሠዓሊው ስም በቀር የምይዘው የለም። ጊዜዬን እያባከንኩ ነው? ሰብታይትሉን ልተወው ወይስ ላጥፋው? ደግሞስ ከየትኛው ሥዕል ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦

ጊዜዎ አልባከነም። ስለ ሥዕል ብዙ አውቀውበታል፣ የንባብ ፍጥነትዎም ሳይጨምር አይቀርም። ማዳመጡን ግን ገና አልጀመሩትም። ሰብታይትል ባለበት ዐይን ከጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ለጆሮ የሚቀረው ዐይን ያነበበውን "አዎ፣ እንደዚያ ነው ያለው" ብሎ ማጽደቅ ብቻ ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ እርስዎም ጠርጥረው ነው የጠየቁት።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሥዕሉ ራሱ ሰብታይትል መሆኑን ነው። ተራኪዋ ስለ አንድ ውሻ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች እንበል። እርስዎ የያዙት "ዶግ" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ውሻው ግን እዚያው ከሰዎቹ እግር ሥር ቆሟል፣ የፀጉሩ ዘለላ ሳይቀር ይታያል። የጎደለውን አእምሮዎ ከሥዕሉ ላይ ወስዶ ይሞላና "ገባኝ" ይላሉ። ስለ ውሻው ምን እንደተባለ ግን አልሰሙም። የታማኝነት ምልክት ነው አለች? ወይስ ብዙዎች እንደዚያ ቢሉም እኔ አልስማማም አለች? ሰብታይትሉን አጥፍተው ሥዕሉን እያዩ መስማት ትልቅ እርምጃ የሚመስላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ያደረጉት ግን ከአንዱ ምርኩዝ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው።

እንዲህ ስል ግን በሥዕል ቪዲዮ መለማመድን እየተቃወምኩ አይደለም። እንዲያውም መሀል ደረጃ ላይ ላለ አድማጭ ከዚህ የተሻለ ነገር እምብዛም አላገኘሁም። በፊልም ውስጥ ምስሉ ይሮጣል፣ ንግግሩም አብሮት ይሮጣል። ሥዕል ግን ቆሞ ይጠብቃል። ተናጋሪው ስለ አንዲት እጅ ሁለት ደቂቃ ቢያወራ እጅዋ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። የንግግሩ አካሄድም አስቀድሞ ይገመታል፤ ማን ሳለው፣ መቼ፣ ምን ይታያል፣ ምን ማለት ነው፣ ለምን ታወቀ። ደግሞ ቃላቱ ይመላለሳሉ። ፖል ኔሽን የተባለው የቃላት ትምህርት ተመራማሪ በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ያልተቀለለ የእንግሊዝኛ ንግግርን 98 በመቶ ቃሉን እያወቁ ለመከታተል ከ6,000 እስከ 7,000 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ እንደ አንድ ተቆጥሮ) እንደሚያስፈልጉ ገምቷል። ይህ ቁጥር ያስደነግጣል። በአንድ ጠባብ ርዕስ ውስጥ ግን ያው ብርሃን፣ ያው ጥላ፣ ያው ከፊትና ከኋላ፣ ያው የብሩሽ አሻራ ደጋግሞ ይመጣል። ሃያኛው ቪዲዮ ላይ አዲስ የሚሆንብዎ ቃል ከመጀመሪያው ቪዲዮ እጅግ ያነሰ ነው፤ ያኔ ጆሮ ቃል ከማሳደድ ተላቆ ንግግሩን ራሱን ለመከተል ጊዜ ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልምጣ። የሚያዳምጡትን ቪዲዮ ሲመርጡ ተናጋሪው የሚለው ዐይን ከሚያየው ጋር የሚጋጭበትን ሥዕል ይምረጡ። ማየት ማመን ነው እንላለን፤ ለዚህ ልምምድ የሚጠቅመው ግን ማየት የሚያሳስትበት ሥዕል ነው። ዐይንዎ አንድ ነገር፣ ተራኪው ሌላ ነገር ሲልዎት በጆሮ ካልሰሙ መሳሳትዎ የማይቀር ነው፤ መሳሳትዎንም ወዲያው ያውቁታል።

እነዚህን ሥዕሎች ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጣም ታዋቂዎቹ ሥዕሎች አብዛኛዎቹ እንደዚያ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይያዙልኝ።) ሬምብራንት በ1642 የሳለው "ዘ ናይት ዎች" ስሙም መልኩም ሌሊት ነው፤ ተራኪው ግን ትዕይንቱ የሚካሄደው በቀን እንደሆነ ይነግርዎታል። ስሙን ሬምብራንት አላወጣለትም። በላዩ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ ከጊዜ ብዛት ስለጠቆረ ነው ሌሊት የመሰለው፤ በ1940ዎቹ ሲጸዳ ቀኑ ተመለሰ። የቫን ጎ "ዘ ስታሪ ናይት" ሰኔ 1889 ሳን ሬሚ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ ተሳለ፤ የሚያዩት ሌሊት ነው፣ ሠዓሊው ግን የሠራው በቀን፣ ከትዝታው ነው። ከሰማዩ ሥር ያለችው መንደርም ከመኝታ ክፍሉ መስኮት አትታይም ነበር። ቬርሜር በ1665 ገደማ የሳላት የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችው ልጅ የአንዲት የታወቀች ሴት ምስል ትመስላለች፤ ባለሙያዎቹ ግን ፖርትሬት አይደለም፣ "ትሮኒ" ነው ይላሉ፤ የአንድ ዓይነት ሰው ፊት እንጂ የእገሊት ፊት አይደለም ማለታቸው ነው። ሞና ሊዛ በዝናዋ ልክ ግዙፍ ትመስላለች፤ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት፣ የተሳለችውም ሸራ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ነው። ሆልባይን በ1533 በሳላቸው ሁለት አምባሳደሮች እግር ሥር የተጋደመው ግራጫ ነገር ምን እንደሆነ ፊት ለፊት ቆሞ ያየ ሰው አያውቀውም፤ ከጎን ሆነው ሲያዩት ነው የራስ ቅል መሆኑ የሚገለጠው።

ተራኪዎች እንዲህ ያለውን ግልበጣ ከማምጣታቸው በፊት ምልክት ይሰጣሉ። "አት ፈርስት ግላንስ" ካሉ፣ ማለትም "ላፍታ ሲያዩት"፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተቃራኒው ነው። "ዩ ማይት ቲንክ" ሲሉ ሊያስቡት የሚችሉት ነገር ስህተት ነው ሊሉዎት ነው። "ኢን ፋክት" እና "አክቹሊ" ደግሞ ግልበጣው መድረሱን ያበስራሉ። ከማንኛውም የሥዕል ቃል በፊት እነዚህን አራቱን ጆሮዎ ውስጥ ያስገቡ።

በአንድ ሥዕል ላይ እንዴት እንደምሠራ ላሳይዎት። ጃን ቫን አይክ በ1434 የሳለው፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ያለው የአርኖልፊኒ ጥንዶች ሥዕል ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምሰጠው ነው። ቁመቱ 82፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ በዝርዝር የታጨቀ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ድምፅ የለም። ሥዕሉን ብቻ ከፍተው ሦስት ደቂቃ ይመልከቱ፤ ሙዚየሙ ድረ ገጹ ላይ በትልቁ አስቀምጦታል። ከዚያ የሚያዩትን በእንግሊዝኛ፣ ራስዎ በሚያውቁት ቃል ድምፅ አውጥተው ይናገሩ። ወንድና ሴት፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ። ቀይ አልጋ። ከእግራቸው ሥር ውሻ። መስኮቱ አጠገብ ብርቱካን። ወልቆ የተጣለ የእንጨት ጫማ። በጠራራ ቀን የበራ አንድ ሻማ። ከበስተኋላ ግድግዳው ላይ ጎበጥ ያለ ክብ መስተዋት፣ በውስጡም በር ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች። ከመስተዋቱ በላይ ደግሞ በላቲን "ዮሐንስ ቫን አይክ እዚህ ነበር" የሚል ጽሑፍ ከነዓመቱ። ቃል ያጡበት ቦታ ላይ አማርኛውን ይጻፉ። ከጻፉት ውስጥ አምስት ወይም ስድስቱን ብቻ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይፈልጉ፤ አነጋገሩንም በድምፅ ይስሙት። ሃያ ቃል አይፈልጉ፤ ሃያ ቃል የፈለገ ሰው አንድም አይዝም።

ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ፦ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት? ዐይንዎ ናት ይልዎታል፤ አረንጓዴው ቀሚስ ሆዷ ላይ ተቆልሏል። መልሱን ከእኔ አይጠብቁ፤ ነገ በጆሮዎ ይስሙት።

በሁለተኛው ቀን ቪዲዮውን ይክፈቱና ስልኩን ገልብጠው በፊቱ ያስተኙት። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አንዴ ይስሙ። ከዚያ በአማርኛ ቢሆንም ግድ የለም፣ የያዙትን በሦስት መስመር ይጻፉ። ሁለተኛ ሲሰሙ ትላንት የጠየቁትን ጥያቄ መልስ ብቻ ያድኑ። ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ነፍሰ ጡር አይደለችም፣ የጊዜው የቀሚስ ፋሽን ነው፣ ብዙውን ጨርቅ ወደ ላይ ሰብስባ ስለያዘችው ነው ይላሉ። ነገር ግን ይህን የሚሉት "ሺ ኢዝንት ፕሬግናንት" ብለው ነው፤ በፈጣን ንግግር ውስጥ የ"ኢዝንት" መጨረሻ "ት" ትዋጣለች። የሚቀረው ከ"ዝ" በኋላ የምትመጣ አጭር "ን" ናት። አንድን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የምትገለብጠው እሷ ናት። ክፍል ውስጥ ይህን ቪዲዮ ሥዕሉን እያሳየሁ ሳሰማ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ "ነፍሰ ጡር ናት አለች" ብለው ይጽፋሉ። ሥዕሉን ሸፍኜ ሳሰማ ያው ተማሪዎች "አይደለችም አለች" ይላሉ። ይህን ካየሁ በኋላ ነው ስልኩን አስገልብጬ ማስጀመር የጀመርኩት።

በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን እያዩ ይስሙ። አሁን ዐይን አያታልልም፤ ጆሮ ሥራውን ጨርሷልና። ከዚያ በኋላ ብቻ ከቪዲዮው ሃያ ሰከንድ ያህል ይምረጡ፤ ወረቀት ላይ ቃል በቃል ይጻፉት። በዩቲዩብ በኮምፒውተር ከሆነ የግራው ቀስት አምስት ሰከንድ፣ የ"ጄ" ቁልፍ አሥር ሰከንድ ወደኋላ ይመልሳል፤ በስልክ የስክሪኑን ግራ ጎን ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ነው። የፈለጉትን ያህል ይመልሱ። ሃያ ሰከንዱ ሲያልቅ ሰብታይትሉን ያብሩና ያነጻጽሩ። ሰብታይትል ጠላት አይደለም፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣ አራሚ ነው። በማሽን የተሠራ ከሆነ ግን የሠዓሊና የከተማ ስሞችን ያበላሻል፤ እነሱ ላይ ቢለያዩ ራስዎን ቶሎ አይውቀሱ።

ከማነጻጸሩ በኋላ ያለው ሥራ የልምምዱ እምብርት ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። እያንዳንዱን የሳቱትን ቃል አንስተው ለምን እንደሳቱት ይጠይቁ። ቃሉን ጭራሽ አላውቀውም ነበር? ወይስ ተጽፎ ባየው አውቀዋለሁ፣ ሲነገር ግን አላወቅሁትም? ወይስ ቃሉን ሰምቼዋለሁ፣ ትርጉሙ ግን ከእጄ ሳይገባ ሌላ ዓረፍተ ነገር ደረሰ? እርስዎ በንባብ ደህና ስለሆኑ ሁለተኛው ይበዛብዎታል ብዬ እገምታለሁ። የመጀመሪያው መድኃኒቱ መዝገበ ቃላት ነው፤ ሦስተኛው መድኃኒቱ ያንኑ ቪዲዮ በሌላ ቀን ደግሞ መስማት ነው። የሁለተኛው ግን የእንግሊዝኛን የአነጋገር ጠባይ ማወቅን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

አማርኛ ለእያንዳንዱ ፊደል ድርሻውን ይሰጣል። እንግሊዝኛ ግን ከቃሉ ውስጥ አንዱን ቀለም፣ ማለትም አንዱን የድምፅ ክፍል፣ ከፍ አድርጎ ይጠራና ጎረቤቶቹን ይውጣቸዋል። "ኤንድ" ብለን የተማርነው ቃል በንግግር "ን" ብቻ ነው። "ኦፍ" አንዳንዴ "እቭ"፣ አንዳንዴም "አ" ትሆናለች። በሥዕል ንግግር ውስጥ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሱት ግን የግምት ቃላት ናቸው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሰዎች በእርግጠኝነት የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ "ሳይሆን አይቀርም"፣ "ሊሆን ይችላል"፣ "ተብሎ ይታመናል" የሚሉት ይበዛል። "መስት ሃቭ ቢን" በጆሮ "መስተቢን" ነው፤ "ማይት ሃቭ ቢን" "ማይተቭቢን" ነው፤ "ኩድ ሃቭ" "ኩደቭ" ነው። እነዚህን የሳተ አድማጭ "ይህ ሰው የሠዓሊው ወንድም ሊሆን ይችላል" የተባለውን "የሠዓሊው ወንድም ነው" ብሎ ይዞ ይሄዳል። ቃሉ ሁሉ ገብቶት፣ ሐሳቡ ግን አምልጦታል።

ይህ ጠባይ ለአማርኛ ተናጋሪ ያን ያህል እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። እኛም የማንጽፈውን ነገር እንሰማለን። "አለ" ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው። "ዋና" ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ቁንጮ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚይዘው ጆሮ ነው። እንግሊዝኛም ጥብቀትና ላላትን የሚያህል ሥራ ለከፍታና ዝቅታ ሰጥቶታል፤ እሱም አይጻፍም። ስለዚህ አዲስ ቃል ሲይዙ ከፍ ብሎ የሚጠራው የትኛው ቀለም እንደሆነ አብረው ይያዙ። "ሬኔሳንስ" የምንለው ቃል በእንግሊዞች አፍ ሁለተኛው ቀለም ላይ ከፍ ይልና "ሪኔይሰንስ" ይሆናል፤ አሜሪካኖች የመጀመሪያውን አንስተው "ሬነሳንስ" ይላሉ። ሁለቱን ያልሰማ ሰው ከሁለቱ አንዱ ሲመጣ ሌላ ዘመን የተጠራ ይመስለዋል።

ስሞችም እንደዚሁ ናቸው። ቫን ጎን አሜሪካኖች "ቫን ጎ"፣ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ "ቫን ጎፍ" ይሉታል፤ ሆላንዶቹ ራሳቸው ከጉሮሮ በሚወጣ ድምፅ ከሁለቱም በተለየ ይጠሩታል። እኔ ተማሪ ሳለሁ "ቫን ጎፍ" የሌላ ሠዓሊ ስም መስሎኝ፣ ይህ ሰው ደግሞ ሱፍ አበባ መሳል ከማን ተማረ እያልኩ ስደነቅ ከርሜያለሁ። ሚካኤል አንጄሎን ብዙዎቹ "ማይክላንጀሎ"፣ አንዳንዶች "ሚክላንጀሎ" ይሉታል። የአበባ ማስቀመጫውም በአንዱ አገር "ቫዝ"፣ በሌላው "ቬይስ" ነው። አሜሪካዊ ተናጋሪ "ፔይንቲንግ" የሚለውን ቃል ራሱ "ፔይኒንግ" ሊያደርገው ይችላል፤ ከ"ን" ቀጥላ የምትመጣዋን "ት" ይውጣታል። የቪዲዮው ሁሉ ርዕስ የሆነው ቃል ሲሰማ ካልታወቀ ምን ይቀራል?

ስለ ነጠላ ድምፆች ብዙ አልቆይም። "ቭ" እና "ብ"፣ "ሺፕ" ሲረዝምና ሲያጥር፣ ምላስ በጥርስ መሀል የሚወጣበት ድምፅ፤ እነዚህ ሁሉ ያስቸግራሉ፣ ግን በሥዕል ቪዲዮ ውስጥ ዐውዱ ያድናቸዋል። የባሕር ሥዕል ላይ የሚንሳፈፈው መርከብ እንጂ በግ አይደለም።

ቁጥር ግን ዐውድ አያድነውም። "ፊፍቲን" እና "ፊፍቲ" የሚለዩት በመጨረሻዋ "ን" ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ጫናውን ወደ መጨረሻ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ፊት ላይ ይጥላል። ዓመት በሁለት በሁለት ተከፍሎ ነው የሚነገረው፤ 1642 "ሲክስቲን ፎርቲ ቱ" ነው፣ ሺህ የሚል ቃል አይሰሙም። "ፊፍቲንዝ ሴንቸሪ" ሲሉ ደግሞ 1400ዎቹን ነው፤ አማርኛውም እንደዚያው ቢሆን በሚሮጥ ንግግር መሀል አእምሮ 1500ን ያዘጋጃል። የቫን አይክን 1434 እየሰሙ ስለ "ፊፍቲንዝ ሴንቸሪ" መስማት ጥሩ መለማመጃ ነው።

የምናውቃቸው እየመሰሉን የሚያሳስቱን ቃላትም አሉ። "ኮሚሽን" ሲባል የደላላ ድርሻ አይደለም፤ ሥዕሉ እንዲሠራ የተሰጠ ትዕዛዝ ነው። "ሲተር" ተቀማጭ ሳይሆን እየተሳለ ያለው ሰው ነው፣ ቆሞም ቢሆን። "ፊገር" ቁጥር አይደለም፣ የሰው አካል ነው። "ስተዲ" ሠዓሊው ከዋናው ሥራ በፊት የሚሞክረው ንድፍ ነው። "ካርቱን" ላይ ተማሪ ሁሉ ይስቃል፤ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ የሊዮናርዶ ካርቱን አለ ሲባል የልጆች ፊልም ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን በከሰልና በቾክ የተሠራ፣ በዋናው ሥዕል ልክ የሚዘጋጅ ትልቅ ንድፍ ነው። እነዚህን ቃላት ጆሮ በትክክል ይሰማቸዋል፣ ትርጉሙ ግን ወደ ሌላ ቦታ ይነጉዳል።

ፍጥነቱን ስለ መቀነስ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። 0.75 ላይ አድርጎ አንድን ሐረግ መያዝ ያስኬዳል፤ ሙሉ ቪዲዮ በዚያ ፍጥነት መስማት ግን አልወድም። "መስተቢን" ቢዘገይም "መስተቢን" ነው፤ የተዋጠው ድምፅ አይመለስም። ያቺኑ አምስት ሰከንድ በተፈጥሮ ፍጥነቷ ስምንት ጊዜ መስማት ይሻላል። ከዚያ ከተናጋሪው ጋር እኩል እየተነፈሱ ዓረፍተ ነገሩን ራስዎ ይበሉት፤ አፍ አንዴ የዋጠውን ድምፅ ጆሮ በኋላ በቀላሉ ያውቀዋል።

ስለ ቪዲዮ ምርጫ። መጀመሪያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚያነብ አንድ ተራኪ ይሁን፤ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ ሙዚቃው ንግግሩን የማይሸፍን። ሥዕሉን ትተው ስለ ራሳቸው ስሜት ብቻ የሚያወሩትን ለጊዜው ይለፏቸው፤ ቃላቸው የሚያርፍበት ነገር ስለሌለ ሰምተው ማረጋገጥ አይችሉም። ቀጥሎ እንደ ናሽናል ጋለሪ ያሉ ሙዚየሞች ባለሙያዎቻቸውን ሥዕሉ ፊት አቁመው የሚያናግሩባቸውን ይሞክሩ። ሦስተኛው ደረጃ ሁለት ሰዎች ሲወያዩ መስማት ነው፤ ስማርትሂስትሪ በተባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ድረ ገጽ ላይ ቤት ሃሪስ እና ስቲቨን ዙከር የሚያደርጓቸው ንግግሮች ያልተጻፉ፣ ከአፍ የወጡ ናቸው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል፣ ይመለሳሉ፣ ያርማሉ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ለዕለት ተዕለት ጨዋታ የሚቀርበው ግን ይኸው ነው። የሥዕል ትረካ ብቻ የሰማ ሰው ስብሰባ ወይም የጓደኛሞች ወሬ ሲገጥመው እንደሚደናገር ከአሁኑ ይወቁት።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው አንድ ሀብት አለ። አንዳንድ ሙዚየሞች፣ ለምሳሌ የኒውዮርኩ ሞማ፣ ዐይነ ስውር ለሆኑ ጎብኚዎች ሥዕሉን በቃል የሚስሉ የድምፅ ቅጂዎችን ያዘጋጃሉ። ሰሚው ምንም እንደማያይ አውቀው ስለሚናገሩ ምንም ነገር ለዐይን አይተዉም፤ ምን የት እንዳለ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ በተራ ይነግራሉ። ወረቀትና እርሳስ ይያዙና እየሰሙ ይሳሉት። መሳል አለመቻልዎ ግድ የለም፤ ክብና መስመር ይበቃል። ሲጨርሱ እውነተኛውን ሥዕል ከፍተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ዛፉ በስተግራ መሆን ሲገባው በስተቀኝ ካረፈ፣ የትኛው ቃል እንዳመለጠዎት ወረቀቱ ራሱ ይነግርዎታል። እዚህ ላይ ብቻ ይጠንቀቁ፦ "ኦን ዘ ሌፍት" ካለ የእኛ የተመልካቾቹ ግራ ነው፤ "ኸር ሌፍት ሃንድ" ካለ ግን የሴትየዋ ግራ እጅ ነው፣ ፊት ለፊት ስለምታየን በእኛ ቀኝ በኩል ይመጣል። ሙዚየሞች "ፕሮፐር ሌፍት" የሚሉትም ይህንኑ የተሳለውን ሰው ግራ ነው።

በሳምንት ሁለት ሥዕል ይበቃዎታል፤ በቀን ከሃያ አምስት ደቂቃ አይለፉ። በየማታው አዲስ ቪዲዮ የመክፈት ልማድዎን ይተዉት። ለደስታ ማየት ካማረዎት ደግሞ ሰብታይትሉን አብርተው፣ ጋደም ብለው ይዩ፤ እኔም አደርገዋለሁ፣ ልምምድ ነው ብዬ ግን አልቆጥረውም። የመጀመሪያዋን የሃያ ሰከንድ ጽሑፍዎን ከነስህተቷ ያስቀምጡ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ሃያ ሰከንድ እንደገና ይጻፉና ሁለቱን ወረቀቶች ያስተያዩ።

ከየትኛው ሥዕል ልጀምር ላሉት፦ ከ"ዘ ናይት ዎች" ይጀምሩ። ስልኩን ገልብጠው ያዳምጡ፤ በመጀመሪያው ዙር ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጉ። አንደኛ፣ ሥዕሉ ቀን መሆኑን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ በ1715 ወደ አምስተርዳም የከተማው አዳራሽ ሲዛወር ሥዕሉ ላይ ምን ተደረገ? ተናጋሪው ይህን ካነሳ የሚሰሙት ቃል "ትሪምድ" ወይም "ከት ዳውን" ይሆናል፤ የሁለቱም መጨረሻ በፍጥነት ስለሚዋጥ ሁለት ሦስቴ መመለስዎ አይቀርም።